የሲምላ አማተር የቴአትር ክበብና ከደጅ የቀረው ሕዝብ

(ለዩኒቨርሲቲው የቴአትር ክበብ አባሎችና ለመምህራን በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ቴአትር ክበብ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ስለ ራሳችን ክበብ በቀጥታ ከመናገር ይልቅ የሌላ አገር ክበብ ታሪክ ባቀርብ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ሁላችሁም እንደምታውቁት ሰሞኑን በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። አንደኛው ወገን የዓመቱን ቴአትር የጥሪ ወረቀት ለተላከላቸው እንግዶች ብቻ እናሳይ፥ አዳራሹም ይከበር ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በሩ ለሁሉ ይከፈት፥ ተውኔቱም ሕዝቡን የሚመለከት ይሁን ይላል። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በህንድ አገር፥ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን፥ ሁለት የአማተር ክበቦች ለዚሁ ጥያቄ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተውበት ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

«አማተር» የሚለው ቃል መሠረቱ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «የሚወድ» ማለት ነው። ስለዚህ አማተር ማለት ሥራውን ለእንጀራ ሳይሆን ስለ ፍቅሩ የሚሠራ ሰው ነው። ነገር ግን የሚወደው ምኑን ነው? ከማንስ ጋራ ሆኖ ነው የሚወደው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በልባችሁ ይዛችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ሲምላ በሰሜን ህንድ በሂማላያ ተራሮች ላይ፥ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ናት። ዛሬ ሺምላ ትባላለች፤ የሂማቻል ፕራዴሽ ክፍለ አገር ዋና ከተማም ናት። እንግሊዞች በ1820ዎቹ ዓመታት ቤት መሥራት ሲጀምሩባት አንዲት የገጠር መንደር ነበረች። ወደዚያ ያወጣቸውም የቆላው ሙቀት ነው። በ1864 የንግሥት ቪክቶሪያ እንደራሴ የነበረው ጆን ሎሬንስ ከተማይቱን የበጋ መናገሻ አደረጋት። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ በበረታ ቍጥር ሹሙም ጸሐፊውም የመዝገቡም ሣጥን ሁሉ ከካልካታ ተነሥቶ፥ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፥ ወደ ተራራው ይወጣ ነበር። የባቡር ሐዲድ እስከ ከተማይቱ የደረሰው በ1903 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የመጨረሻው ዳገት የሚወጣው በፈረስ ጋሪና በሰው ጫንቃ ነበር። ከዓለም ሕዝብ አምስተኛውን ያህል የሚገዛ መንግሥት የዓመቱን እኩሌታ በአንድ ጠባብ የተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያሳልፍ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከአገራቸው የራቁ፥ ምሽቱ የሚረዝምባቸው፥ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ቴአትር ቢያምራቸው የሚያስገርም አይደለም።

ስለ ጥንቱ የሲምላ ቴአትር ደኅና አድርጋ የምትነግረን የጠቅላይ ገዥው የሎርድ ኦክላንድ እኅት ኤሚሊ ኢደን ናት። በ1838 ወንድሟን ተከትላ ሲምላ ሳለች የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል። በዚያን ዓመት በአግራ አካባቢ ጽኑ ረኃብ ገብቶ ነበርና፥ የሲምላ መኳንንት ለተራቡት ሰዎች ገንዘብ ለመሰብሰብ ቴአትር እናሳይ ብለው ተነሡ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ተዋንያኑ ብዙም ሳይቈዩ ተጣሉ። አንዱ ትካዜ ያዘኝ ብሎ ቀረ። የሴት ክፍል አሳምሮ የሚጫወተው ሌላው ደግሞ (የሴቱን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩና) ሪዜን አልላጭም አለ። ሦስተኛውም ድብ ለማደን ወደ በረዶው ተራራ ሄደ። (ሳቅ)

የክበባችን ጸሐፊ እንደሚሥቅ አያለሁ። ልምምድ የሚቀር አባል በየትም አገር፥ በየትም ዘመን አለ። ነገር ግን ከሣቁ በኋላ ነገሩን እንመርምረው። በቆላው ሰው በረኃብ ሲያልቅ፥ ርዳታው የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ሪዝ ላይ ነበር። በዚያው በ1838 በጥቅምት ወር ኦክላንድ አፍጋኒስታንን ለመውጋት ያወጣው መግለጫ የተጻፈውም በዚያችው በሲምላ ነው። ጨዋታውም ጦርነቱም ከአንድ ተራራ ይወጣ ነበር።

ይህችው ሴት በሚቀጥለው ዓመት ስለ አንድ የዳንስ ግብዣ የጻፈችው ቃል አለ። እንግሊዞቹ መቶ ያህል ነበሩ፤ በዙሪያቸው ግን ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሦስት ሺሕ ያህል የተራራው ሰዎች ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ ነጭ ሰው ሲቀርባቸውም እስከ ምድር ድረስ እጅ ይነሡ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሁላችንን አንገት ቈርጠው ነገሩን ለምን እንደማይጨርሱት አንዳንድ ጊዜ ይደንቀኛል ስትል ጽፋለች። ይህን ያለችው የጠቅላይ ገዥው እኅት እንጂ ዐመፀኛ አይደለችም። ተመልካቹ ማን እንደ ሆነ ገብቷት ነበር። ከእርሷ በኋላ የመጡት ግን ይህን ተመልካች ከግድግዳ ውጭ አስቀሩት።

ያ ግድግዳ በ1887 ተሠራ። ሄንሪ ኧርዊን የተባለው የሕንፃ ሊቅ በነደፈው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ «ጌይቲ» የተባለው ቴአትር ቤት በግንቦት 30 ቀን 1887 ተከፈተ። የእንደራሴውን ትልቅ ቤተ መንግሥት የነደፈውም ይኸው ሰው ነው። ቴአትር ቤቱ ትንሽ ነው፤ ሰገነቶቹ ግን በቅርጽ ያጌጡ ናቸው፥ የተዋናዩም ድምፅ እስከ መጨረሻው ወንበር ጥርት ብሎ ይሰማል። በሚቀጥለው ዓመት በ1888 የሲምላ አማተር የቴአትር ክበብ በደንብ ተቋቋመ፤ ቴአትር ቤቱንም ቤቴ ብሎ ያዘው።

ክበቡን ለመንቀፍ ብቻ አልቆምሁምና ደግነቱንም ልናገር። ቀን በመሥሪያ ቤት፥ ማታ በልምምድ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ቃላቸውን አጥንተው ይመጣሉ፤ ልብሱንም የመድረኩንም ሥዕል ለማሰናዳት ይደክማሉ። በ1887 የበጋ ወራት «ኤ ስክራፕ ኦቭ ፔፐር» የተባለው፥ ከፈረንሳዊው ከሳርዱ የተተረጐመው ኮሜዲ ሲታይ፥ ከተዋንያኑ አንዱ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነበር። ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣትና የላሆር ጋዜጣ ሠራተኛ ነበር። የሲምላን ኑሮ፥ ሐሜቱንም ቴአትሩንም፥ በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው የአጫጭር ልብ ወለድ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። በ1897 ደግሞ በኋላ የስካውትን ማኅበር የመሠረተው ሮበርት ቤደን ፓወል «ዘ ጌይሻ» በተባለው የሙዚቃ ተውኔት ውስጥ ተጫውቷል። ይህ ተውኔት ለንደን ላይ የታየው በ1896 ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ባሕሩንም ቆላውንም ዳገቱንም አልፎ ሲምላ ደረሰ ማለት ነው። ለትጋታቸው ይህ ብቻ በቂ ምስክር ነው።

ነገር ግን በዚያ ምሽት መድረኩ ላይ የነበረውን ልብ በሉ። አንድ እንግሊዛዊ የጦር መኰንን፥ በህንድ ተራራ ላይ፥ በጃፓን ሻይ ቤት ውስጥ ያለ ቻይናዊ ሆኖ ይጫወታል! ጃፓኑም ቻይናውም በመድረኩ ላይ ስፍራ አግኝተዋል። ስፍራ ያጣው ከአዳራሹ ውጭ ያለው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

በሲምላ ዋና ጎዳና በሠረገላ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው ሦስት ሹማምንት ብቻ ነበሩ፤ እንደራሴው፥ የጦር አዛዡና የፑንጃብ ገዥ። የቀረው ባለ ማዕርግ የሚሄደው በሪክሾ ነው። ሪክሾ ማለት ሰዎች የሚጐትቱት ጋሪ ነው፤ በዳገቱ ምክንያት ሁለት ከፊት፥ ሁለት ከኋላ፥ በጠቅላላው አራት ሰዎች ይይዙታል። እንግዲህ አንድ ተመልካች ቴአትር ለማየት ሲመጣ አራት ሰዎች እያለከለኩ ያመጡታል፤ ቴአትሩ ሲያልቅም አራት ሰዎች ይመልሱታል። በመካከሉ ያለውን ሁለትና ሦስት ሰዓት እነዚያ አራቱ በተራራው ብርድ የት ሆነው እንደሚያሳልፉት ለመገመት ሊቅነት አያስፈልግም። ሣቁ በግድግዳው አልፎ ይሰማቸው ይሆናል። የሚያሥቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን የነገራቸው የለም።

አሁን ደግሞ ከተራራው ወርደን ይኸው መንግሥት የቀረውን የዓመቱን እኩሌታ ወደሚያሳልፍባት ወደ ካልካታ እንሂድ።

በካልካታ ባግባዛር በተባለው ሰፈር በ1860ዎቹ መጨረሻ አንድ ሌላ አማተር የቴአትር ክበብ ተቋቁሞ ነበር። አባሎቹ የቤንጋል ወጣቶች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ፥ በአንድ የንግድ ቤት ሒሳብ ይጽፍ የነበረው ጊሪሽ ቻንድራ ጎሽ፥ በኋላ የቤንጋል ቴአትር አባት ተባለ። ቴአትር በካልካታ አዲስ ነገር አልነበረም። ነገር ግን የአገሩ ቴአትር የሚታየው በባለጠጎች ግቢ ሲሆን የሚገባውም በጥሪ ወረቀት ነበር። ወጣቶቹ በታኅሣሥ 7 ቀን 1872 በአንድ ትልቅ ቤት አደባባይ መድረክ ሠርተው፥ ትኬት ሸጠው፥ በሩን ለከፈለ ሁሉ ከፈቱት። የአንደኛው ማዕርግ ዋጋ 1 ሩፒ፥ የሁለተኛው 8 አና፥ ማለት ግማሽ ሩፒ ነበር። ስሙንም «ብሔራዊ ቴአትር» አሉት።

ያን ሌሊት ያሳዩት ተውኔት ዲናባንዱ ሚትራ በ1860 ያሳተመው «ኒል ዳርፓን» ነው፤ «የኢንዲጎ መስታወት» ማለት ነው። ኢንዲጎ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበት ተክል ነው። የእንግሊዝ ተካዮች ገበሬውን በቅድሚያ ብድር አስረው፥ እህል በሚያበቅልበት መሬቱ ላይ ይህን ተክል በግድ ያስዘሩት ነበር፤ እንቢ ያለውንም ይደበድቡታል። በ1859 ገበሬዎቹ አንዘራም ብለው ተነሡ። ተውኔቱ የዚህ ግፍ ሥዕል ነው። ወደ እንግሊዝኛ በተተረጐመ ጊዜ ያሳተመው ሚሲዮናዊው ጄምስ ሎንግ በ1861 ተከሶ የአንድ ወር እስራትና የ1,000 ሩፒ መቀጮ ተፈርዶበታል። ስለ ተውኔቱ ኃይል የሚነገር ታሪክም አለ። ታላቁ የቤንጋል ሊቅ ቪድያሳጋር ቴአትሩን ሲመለከት፥ የክፉውን ተካይ ክፍል በሚጫወተው በአርዴንዱ ሸካር ሙስታፊ ላይ ተናዶ ጫማውን ወረወረበት፤ ተዋናዩም ጫማውን አንሥቶ በራሱ ላይ አኖረውና ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት የለም አለ ይባላል። ነገሩ እውነት ይሁን ተረት፥ ሕዝቡ ቴአትሩን እንዴት እንዳየው ያስረዳል።

በ1875 ደግሞ ይኸው ተውኔት በላክናው ከተማ ሲታይ፥ በአዳራሹ የነበሩ ነጮች ተቈጥተው መድረኩ ላይ ወጡ፤ መጋረጃው ወረደ፥ ተዋንያኑም ከተማውን ለቅቀው ሸሹ። ይህን የጻፈችው በዚያ ጕዞ ውስጥ የነበረችው ታላቋ ተዋናይት ቢኖዲኒ ዳሲ ናት። በሚቀጥለው ዓመት በ1876 መጀመሪያ፥ የዌልስን መስፍን በቤቱ ተቀብሎ የሴቶቹን እልፍኝ ያሳየውን የካልካታ ሰው የሚያፌዝበት አጭር ተውኔት ታየ። መንግሥቱ ከዚህ በላይ አልታገሠም። በየካቲት 29 ቀን 1876 አስቸኳይ ድንጋጌ ወጣ፤ በታኅሣሥም የቴአትር ትርኢት ሕግ ተብሎ ጸና። በሕጉ መሠረት መንግሥት ስም ያጠፋል፥ ወይም በመንግሥት ላይ ቅሬታ ያነሣሣል፥ ወይም ጠባይ ያበላሻል ያለውን ትርኢት ሁሉ ሊከለክል ይችላል። የተከለከለውን ያሳየ እስከ ሦስት ወር ይታሰራል። ፖሊስም ገብቶ ተዋንያኑን ለመያዝ፥ ልብሱንና የመድረኩን ዕቃ ለመውሰድ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ሕጉ ሲጸና እንደራሴ የነበረው ሎርድ ሊተን ነው። ሊተን ራሱ ገጣሚ ነበር፤ የግጥም መጻሕፍትን በብዕር ስም አሳትሟል። የጥበብ ወዳጅ የጥበብን አፍ ዘጋ ማለት ይህ ነው። በሲምላ ግን ሕጉ የሚነካው ሰው አልነበረም። እዚያ የሚታየውን ቴአትር ለመከልከል ማን ያስባል? ማንንም አያስቈጣም፥ ማንንም አያነቃም። አንደኛው ክበብ ከገዥዎቹ ጭብጨባ አገኘ፤ ሁለተኛው ሕግ አስወጣ። ቴአትር ኃይል እንዳለው የመሰከሩት የሲምላ ጭብጨባዎች ሳይሆኑ ይህ የፍርሃት ሕግ ነው።

እንዲህ ያለው ፍርሃት የባዕድ ገዥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእኛም አገር የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታይቶ እንደ ተከለከለ የምታውቁት ነው። መድረክን ለመፍራት የቆዳ ቀለም አይጠይቅም።

የባግባዛርን ልጆች ግን ያለ ነቀፋ ላቀርባቸው አልፈልግም። ጊሪሽ ጎሽ ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት ከጓደኞቹ ተለይቶ ነበር። እንዲህ ባለ ድኻ መድረክ «ብሔራዊ» የሚል ስም ይዘን ትኬት ብንሸጥ መሣቂያ እንሆናለን ማለቱ ነው። በኋላ ተመለሰ። በ1873 ደግሞ ክበቡ ገና ዓመት ሳይሞላው ለሁለት ተከፈለ። የሴቶቹንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በ1873 ሌላ የካልካታ ቴአትር ቤት ሴቶችን መድረክ ላይ ባወጣ ጊዜ፥ ለመበለቶች መብት የታገለው ያው ቪድያሳጋር እንኳ ተቃውሞ ከኮሚቴው ወጣ፤ ሴቶቹ ከሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር የመጡ ናቸውና። በሩን ለገበሬው እንባ የከፈቱ ሰዎች ሌላ በር ለመክፈት ተቸግረው ነበር። ከ1876 በኋላም ብዙዎቹ ደራስያን ወደ ሃይማኖትና ወደ ጥንት ታሪክ ተውኔት ዞሩ፤ ሕጉ በሃይማኖት በዓል የሚታየውን ባህላዊ ጨዋታ አይነካም ነበርና።

ፍጻሜያቸውስ ምን ሆነ? እንግሊዞች በ1947 ህንድን ለቅቀው ሄዱ። የማዘጋጃ ቤቱ የላይኛው ፎቅ ሕንፃው አይችለውም ተብሎ ከዚያ ብዙ ዘመን ቀድሞ ፈርሶ ነበር፤ ቴአትር ቤቱ ግን አልተነካም። ለብዙ ዓመታት ሲታደስ ቈይቶ በ2009 እንደገና ተከፈተ። ዛሬ በዚያ መድረክ ላይ የሚጫወቱት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ተውኔቱም በቋንቋቸው ነው። ቤቱን ለዘጉበት ሕዝብ ቤቱ ተረፈው። የ1876ቱም ሕግ እንግሊዞቹ ከሄዱ ከ70 ዓመት በኋላ፥ በ2018 መጀመሪያ ከህንድ የሕግ መጽሐፍ ተሠረዘ። የማይመች ተውኔትን የሚከለክል ሕግ አዲሱም ባለ ሥልጣን ቶሎ እንደማይጥለው ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ክርክር ልመለስ። የባዕድ ተውኔት ማሳየት ጥፋት ነው አላልሁም። የተተረጐመ ጥሩ ተውኔት ያስተምራል፤ የሲምላ ሰዎች ጥፋትም የፈረንሳይ ኮሜዲ መጫወታቸው አልነበረም። ጥፋታቸው ቴአትርን ከደጅ የቆመውን ሰው ለመርሳት መጠቀማቸው ነው። እኛም ይህን ለማድረግ ቅኝ ገዥ መሆን አያስፈልገንም። የጥሪ ወረቀት፥ የትኬት ዋጋና የተመረጠ ወንበር ይበቁናል።

ስለዚህ ሦስት አሳብ ላቅርብ። መጀመሪያ፥ የዓመቱ ቴአትር ሁለት ምሽት ይታይ። አንዱ ምሽት ለእንግዶች ይሁን፤ ገንዘብም እናግኝበት። ሁለተኛው ግን በነፃ ሆኖ ለግቢያችን ዘበኞች፥ ለወጥ ቤትና ለጽዳት ሠራተኞች፥ ለቤተ ሰቦቻቸውና ለጎረቤቶቻችን ይከፈት። ወንበራችንን የሚሸከሙልን ሰዎች እነርሱ ናቸው። ሁለተኛ፥ ከሚታዩት ተውኔቶች ቢያንስ አንዱን ከራሳችን ተማሪዎች አንዱ ይጻፈው፤ ደካማም ቢሆን የኛ ይሁን። ሦስተኛ፥ መዝገብ እንያዝ። የሲምላን ክበብ ታሪክ ዛሬ የምናውቀው ጽፈው ስላስቀመጡ ነው፤ የካልካታውንም የምናውቀው እንደ ቢኖዲኒ ያሉ ተዋንያን ስለጻፉ ነው። የትኛው ተውኔት መቼ ታየ? ማን ተጫወተ? ስንት ገንዘብ ገባ? ማንስ ተከለከለ? ይህ ሁሉ ይጻፍ። የገንዘቡ ሒሳብ በግልጽ ከተጻፈ ጠቡም ይቀንሳል።

ተመልካቾቻችን ያልሣቁበትን ቦታ ደግሞ አስተውሉ። የሁለተኛው ምሽት ተመልካች የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች በሣቀበት ቦታ ዝም ቢል፥ ተውኔታችን ስለ ማን እንደ ተጻፈ ያን ጊዜ እናውቃለን። በሲምላ ይህን ትምህርት ለማግኘት የሚያስፈልገው በሩን ከፍቶ አራቱን ሪክሾ ጐታቾች ማስገባት ብቻ ነበር። እኛ እናስገባቸው።